የፍጥሞ ደረጃዎች

የጋራዡ በር በሪሞት ተጎትቶ ቀስ እያለ ሲከፈት ሮማን መጀመሪያ ያየችው የባሏን ጫማ ነበር። ከዚያ ሱሪውን አየች፤ ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ተንጣሎ የረጋውን ደም። በሩ እስከ ላይ ሲደርስ ፊቱን ፈለገች፤ ፊት የሚባል ነገር አልቀረለትም። እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ መመለሷ ነበር። መኪናዋን ሞተሩ እንደተነሣ መንገድ ላይ ትታ ሮጠች። ጎረቤቶቿ ደርሰው ከሬሳው ላይ ሲያነሷት ነጭ የሥራ ልብሷ እስከ ክርኗ ቀልቶ ነበር።

ባሏን አለምሰገድን በስደት በሚኖሩባት በአውሮራ ከተማ የማያውቀው ሐበሻ የለም። በአዘቦት ቀን የኤርፖርት ሻትል ይነዳል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ያገሩን ልጆች ሰብስቦ ሽርሽር ይወስዳል። ዘንድሮ በመርከብ ሜዲትራኒያንን ላሳያችሁ ብሎ ከነራሱ አሥራ አራት ሰው መዘገበ፤ ሁሉንም አንድ ዓይነት ቢጫ ኮፍያ አለበሰና በመስከረም ማለቂያ ከፒሬየስ ወደብ ተነሡ። ኤፌሶን፣ ሮድስ፣ ቀርጤስ፤ ከሁሉም በላይ ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየባት የፍጥሞ ደሴት።

አሥራ አራት ሆነው ሄደው አሥራ ሦስት ሆነው ተመለሱ። አረጋሽ የምትባል የአርባ አራት ዓመት ሴት ከፍጥሞ ወደብ ወደ ዋሻው ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ ላይ ወድቃ አንገቷ ተሰበረ። አደጋ ነው ተባለ፤ ሬሳዋ መጥቶ አውሮራ ተቀበረ። አለምሰገድ የተገደለው እሷ በሞተች በሃያ ስድስተኛው ቀን ነው።

ዘርፈሽዋል የተጠራችው ማክሰኞ ጠዋት ነበር፤ ያውም ለማስተርጎም። አዲስ አበባ ሳለች አሥራ ዘጠኝ ዓመት የነፍስ ግድያ መርማሪ ሆና ሠርታለች፤ እዚህ በሰዓት እየተከፈላት የሰው ንግግር ታመላልሳለች። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። አጭር ናት፤ ቁጡ ናት፤ ሰው ሲዋሻት ታዛጋለች። መርማሪ ፖሊስ ዋልተርስ እኛ ሐበሾች ለፖሊስ አንድ፣ ለአስተርጓሚዋ ሌላ እንደምናወራ ከገባው ቆይቷል፤ ስለዚህ ከማንም በፊት ወደ ጋራዡ ይዟት ገባ።

«አሥራ አንድ ጊዜ ነው የተመታው» አላት። «የመጀመሪያው ፊት ለፊት ነው። ከወደቀ በኋላም አላቆመም። ጣሪያውን ተመልከቺ።»

ጣሪያው ላይ ደም ተረጭቶ ደርቋል።

«ገዳዩ ላይስ?»

«ከግንባሩ እስከ ወገቡ። እንዲህ ተጠግቶ የመታ ሰው ንጹሕ ሆኖ አይወጣም።»

«ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ከረፋዱ አራት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ። የተመታው በጎማ መፍቻ ብረት ነው፤ ብረቱን የጎረቤት የቆሻሻ በርሜል ውስጥ አገኘነው። የአረጋሽ ወንድም የስለሺ አሻራ አለበት። ብረቱ የእኔ ነው ብሎም አምኗል። በእህቱ ቀብር ላይ አለምሰገድን እገድልሃለሁ ሲል ሃምሳ ሰው ሰምቶታል። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ የእስር ማዘዣ አስፈርማለሁ።»

ዘርፈሽዋል ወደ ጋራዡ ጥግ ሄደች። እዚያ ጠረጴዛ፣ ማውስና ግድግዳው ላይ እንደተሰካ የቀረ ቻርጀር አለ።

«ላፕቶፑስ?»

«የለም። ስልኩም የለም።»

«የተናደደ ሰው ላፕቶፕ ምን ያደርግለታል?»

ዋልተርስ ትከሻውን ሰበቀ። እሷም አልተከራከረችም፤ ስለሺን አምጡልኝ አለች።

ስለሺ አጎራባች በሆነችው ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ጫኝ ነው። ግዙፍ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን ወንበሩ ሰፍቶት ነበር። አገር ጥሎ ሲወጣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጁ ልዕልት ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤ ከስልክ መስተዋት ውጪ አይቷት አያውቅም። የእናትና ልጅ ቪዛ ተመትቶ ለኅዳር አጋማሽ ትኬት ተቆርጧል።

«ብታሰር አይመጡም» አለ ዘርፈሽዋል ገና ሳትጠይቀው። «እትዬ፣ እኔ አልገደልኩትም። ብታሰር ግን አይመጡም።»

«እገድልሃለሁ ብለኸዋል?»

«ብያለሁ። እህቴን ወስዶ በሳጥን ነው የመለሰልኝ። ደምህን እጠጣለሁ ብዬዋለሁ። ለቅሶ ሊደርስም ሲመጣ ከበር መልሼዋለሁ።»

«እሑድ ረፋድ የት ነበርክ?»

«መቃብሯ ጋ። ገና ጎህ ሳይቀድ ሄጄ እስከ ሰባት ሰዓት እዚያው ተቀምጬ ነበር። ያየኝ ሰው የለም።»

«የምታድረው የት ነው?»

«እንዳልክ ጋ፣ የእህቴ ባል ቤት። ሐዘንተኛ ብቻውን እንዴት ይደር? ከቀብሩ ጀምሮ እሱ አልጋ ሥር ወለሉ ላይ ነው የምተኛው። ፒክአፔን እሱ በር ላይ ፓርክ አደርጋለሁ። ኋላው አይቆለፍም፤ ብረቱም እዚያ ነበር።»

ዋልተርስ አንድ ወረቀት አቀበላት። ከስልክ ኩባንያው የመጣ የአለምሰገድ ጥሪዎች ዝርዝር ነው።

«አለምሰገድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ ደውሎልሃል» አለችው።

«አላነሣሁትም» አለ ስለሺ። «ይቅርታ ሊለኝ መስሎኝ ነበር። ይቅርታውን አልፈለግኩም።»

ሮማን ጥቁር ለብሳ በለቀስተኞች መካከል ተቀምጣለች። ዘርፈሽዋል ወደ ጓዳ ጠርታ በሩን ዘጋችው።

«ባልሽ ቅዳሜ ዕለት ምን ሲሠራ ዋለ?»

«የጉዞውን ቪዲዮ ኤዲት ሲያደርግ። ከሰዓት በኋላ ከጋራዥ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ምን ሆንክ ስለው ‹አንድ ሰው አነጋግሬ ልንገርሽ› አለኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳይሄድ ቀረ፤ እኔ ሥራ ገባሁ።»

«አረጋሽ መርከቡ ላይ እንዴት ነበረች?»

ሮማን ዝም አለች። ይቺን ዝምታ ዘርፈሽዋል ታውቃታለች። በመካከላችን ስንት ሴት የተቀበረባት ዝምታ ናት፤ የሰው ትዳር ነው፣ ምን አገባኝ የምንላት።

«ያ ሁሉ ፀሐይ እያለ እጅጌዋን አልሰበሰበችም» አለች ሮማን በመጨረሻ። «ሁላችንም በአጭር እጅጌ፣ እሷ እስከ አንጓዋ ተሸፍና። ሮድስ ላይ ልብስ ስትቀይር ክንዷን አየሁት። ጠቁሯል፣ የጣት ምልክት አለበት። ‹ስንመለስ ከስለሺ ጋር እኖራለሁ፣ ፍጥሞ ስንደርስ እነግረዋለሁ› አለችኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ስትወድቅም፣ ከሞተች ምን ያደርጋል ብዬ ዋጥኩት።»

እንዳልክ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። ቤቱ ወንበር ተደርድሮበታል፤ የአረጋሽ ፎቶግራፍ ሻማ በርቶለታል። ጥቁር ሹራብ ለብሶ፣ ቀኝ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ፊቱ ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል፤ አገጩ ሥር ምላጭ የነካው ጭረት አለ።

«ነፍሷን ይማር» አለች ዘርፈሽዋል። «አርባዋ ሳይደርስ ተላጨህ?»

«ሥራ ግድ ብሎኝ ነው እህቴ። ጺም ካለ በሥራ ላይ የማደርገው የአቧራ ማስክ አይገጥምም። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ስል ተላጨሁ። ስለሺ ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር፤ ማታ ሲያየኝ ደነገጠ፣ ምን ላድርግ?»

«ቤተ ክርስቲያን እስከ ስንት ሰዓት ቆየህ?»

«እስከ መጨረሻው። ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላ ቆሜ ነበር።»

«አለምሰገድ ቅዳሜ ደውሎልህ ነበር። ምን አለህ?»

«ለአርባው ምን ልርዳህ ነው ያለኝ። ደግ ሰው ነበር። ስለሺንም አትፍረጂበት፣ ሐዘን አሳብዶት ነው።»

«ፍጥሞ ላይ፣ ሚስትህ ስትወድቅ የት ነበርክ?»

«ወደቡ ላይ፣ ሻይ ቤት። ጉልበቴ በፋሻ ታስሮ ነበር፤ ደረጃ መውጣት አልችልም። በእግር የወጡት እሷና አለምሰገድ ብቻ ናቸው፣ ሌላው በአውቶቡስ ነው የሄደው።»

ዘርፈሽዋል አፏን በእጇ ሸፍና አዛጋች። ከሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ አጥታ መሰለውና ውሃ ይቅረብልሽ አላት።

ከተጓዦቹ አንዷ ወይዘሮ አያልነሽ አውሮራ አጠገብ ባለችው ሴንቴኒያል ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ወደ ፍጥሞ ለመሄድ ዕድሜ ልካቸውን ተመኝተው፣ በደረሱበት ቀን ጉልበታቸው ከድቷቸው ከመርከቡ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ቀሩ። አውቶቡሱን እምቢ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ቅዱሱ በእግሩ የወጣበትን በጎማ አልወጣም አሉ።

«እንግዲያው ቪዲዮ አንሣልኝ አልኩት» አሏት። «ከመጀመሪያው ደረጃ እስከ ዋሻው፣ ሳትቆርጥ። አለምሰገድ ነፍሱን ይማርና ባለፈው ሐሙስ በፍላሽ አመጣልኝ። ‹ገና አላየሁትም፣ ሳላስተካክለው እንዳለ ይኸው› አለኝ። ጠዋት ጠዋት ቴሌቪዥኑን ከፍቼ፣ መቋሚያዬን ይዤ አብሬው እወጣለሁ። ዓይኔ ሰው አይለይም፤ ደረጃውን ግን አያለሁ።»

«እሑድ እንዳልክን ቤተ ክርስቲያን አይተውት ነበር?»

«እንዴታ። ስገባ ከበሩ አጠገብ በድምፁ አውቄ አቅፌ ሳምኩት። ጺሙ እንደ እሾህ ጉንጬን ወጋኝ፤ አይ ሐዘን፣ አልኩ በሆዴ። ወንጌል ሊነበብ ሲል ዘወር ብዬ ብፈልገው ቦታው ባዶ ነው። ሆድ ብሶት ወጣ ብዬ ነው ያለፍኩት።»

«ጉንጭዎን ወጋዎት? እሑድ?»

«ዓይኔ እንጂ ጉንጬ አልታወረም፣ ልጄ።»

ዘርፈሽዋል ፍላሹን እንዲከፍቱላት ለመነች። ወይዘሮ አያልነሽ እንደ ልማዳቸው መቋሚያቸውን ይዘው ቆሙ፤ እሷ አጠገባቸው ቆማ አየች። አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ አቆመችው። መልሳ አየችው፤ እንደገና መልሳ አየችው። ከዚያ በረንዳ ወጥታ ለዋልተርስ ደወለችለትና ስለ አንድ መታጠቢያ ቤት ረጅም ነገር አወራችው።

ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሮማን ቤት ያሉት ለቀስተኞች ወደ ምድር ቤት እንዲወርዱ ተለመኑ። ሳሎኑ ውስጥ ሮማን፣ ወይዘሮ አያልነሽ፣ እንዳልክና ስለሺ ቀሩ። ስለሺ ከበሩ አጠገብ መሬት መሬቱን እያየ ተቀምጧል፤ ዋልተርስ ከኋላው ቆሟል። እንዳልክ እጁን ሰድዶ የስለሺን ጉልበት መታ መታ አደረገው።

«አይዞህ» አለው።

ዘርፈሽዋል መካከል ላይ ቆመች።

«ስለሺን ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊያስሩት ነው» አለች። «ስለዚህ አላረዝምም። ገዳዩ ላፕቶፑንና ስልኩን ይዞ ሄዷል። ስለሺ ቢሆን እህቱን ለመበቀል ነው የሚገድለው፤ ላፕቶፕ ምን ያደርግለታል? የጠፋው ነገር ውስጥ ገዳዩ እንዲታይ የማይፈልገው አንድ ነገር ነበር። አለምሰገድ ቅዳሜ ዕለት ኤዲት ሲያደርግ አይቶታል። እንዳየውም ደምህን እጠጣለሁ ላለው ሰው ሦስት ጊዜ ደወለ። የሚያስፈራህን ሰው ሦስት ጊዜ የምትደውልለት እሱ ማወቅ ያለበት ነገር ሲኖር ነው። ስለሺ ግን አላነሣም።»

ስለሺ ቀና አለ።

«አራተኛውን ለእንዳልክ ደወለ። ፖሊስ አልጠራም። እኛው ነን እንዲህ የምናደርገው፤ ሰውን ከማዋረድ በፊት ለብቻው ጠርተን እንጠይቃለን። ምናልባት ዓይኔ ተሳስቶ ይሆናል ብሎ ነው። እሑድ ቤት ና፣ ማንም አይኖርም አለው።»

«ለአርባው ነው የደወለልኝ» አለ እንዳልክ።

«ብረቱ የነበረው በማይቆለፍ ፒክአፕ ውስጥ ነው፤ ፒክአፑ ቅዳሜ ማታ የቆመው አንተ በር ላይ ነው። ስለሺ ሊያጽናናህ አልጋህ ሥር ተኝቶ ሳለ አንተ ብረቱን ከመኪናው ወሰድክ። እሑድ ሰው እንዲያይህ ቤተ ክርስቲያን ገባህ፤ ከወንጌል በፊት ሹልክ ብለህ ወጣህ።»

«ይኼ ሁሉ ግምት ነው።»

«እሺ፣ ግምት ይሁን። ጺምህን መቼ ተላጨህ?»

«ነገርኩሽ። እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት።»

ወይዘሮ አያልነሽ ጉንጫቸውን ነኩ።

«ልጄ፣ በሩ ላይ ስስምህ ጺም ነበረህ» አሉ ቀስ ብለው።

«ተሳስተው ነው እማማ።»

«አልተሳሳቱም» አለች ዘርፈሽዋል። «ማታ ተላጨሁ ብትለኝ ኖሮ አምኜህ እወጣ ነበር፤ ሥራ የሚያስላጨው ሰው ብዙ ነው። አንተ ግን መላጨትህን ከግድያው በፊት ለማድረግ ቸኮልክ። መቼ ብሎ ማን ጠየቀህ? አሥራ አንድ ጊዜ ተጠግተህ ስትመታው ደሙ ፊትህ ላይ ተረጨ። ፊት ይታጠባል። የሃያ ስድስት ቀን ጺም ግን ሥሩ ድረስ ደም ይዞ ስታጥበው ቀይ ውሃ አያልቅም፤ ስትሸሽ ትዝ ያለህም ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አርባው ሳይደርስ ምላጭ የሚያነሣው ከሐዘኑ የበለጠ የሚያስፈራው ነገር ሲመጣበት ነው።»

ቴሌቪዥኑን ከፈተችው። የአለምሰገድ ድምፅ ሳሎኑ ውስጥ ተሰማ። ሮማን አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«እትዬ አያልነሽ፣ ይኸው መርከባችን» ይላል፤ ካሜራው ወደ ታች ይዞራል። ሰማያዊ ባሕር፣ ነጫጭ ቤቶች፣ የመርከቡ ጭስ ማውጫ። ከሁለት ዙር በታች ደረጃው ላይ ነጠላ የለበሰች ሴት ቆማለች። ቢጫ ኮፍያ ያደረገ ሰው ክንዷን ጨምድዶ ይዟል። ካሜራው ወደ ላይ ተመለሰ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጩኸት ይሰማል።

«ኮፍያው የሁላችንም ነው» አለ እንዳልክ።

ዘርፈሽዋል ምስሉን መልሳ አቆመችው። ሰውየው ቁምጣ ለብሷል፤ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ነጭ ፋሻ ተጠምጥሟል።

«ፋሻው ግን ያንተ ብቻ ነው። ደረጃ መውጣት የማያስችልህ ፋሻ።»

የዋልተርስ ስልክ ጮኸ። አዳመጠና ለዘርፈሽዋል ጥቂት ቃል ነገራት።

«ፍርድ ቤት ፈቅዶ ቤትህን እየፈተሹ ነው» አለች ወደ አማርኛ መልሳ። «የመታጠቢያህን ቧንቧ ፈትተው ውስጡ የተላጨ ጺም አግኝተዋል። ደም አለበት። ላፕቶፑም ከኮርኒሱ በላይ ተደብቆ ተገኝቷል።»

እንዳልክ ወደ ስለሺ ዞሮ ተናገረ።

«እዚያ ደረጃ ላይ ነው የነገረችኝ። ከወንድሜ ጋር እኖራለሁ አለች። ሃያ ዓመት አብሬያት ኖሬ! ዝም ብትል ኖሮ በሕይወት ትኖር ነበር።»

ስለሺ ከወንበሩ እንዴት እንደተነሣ ማንም አላየም። እንዳልክን ከነወንበሩ ገለበጠው፤ ሁለት አውራ ጣቶቹን ጉሮሮው ላይ ተክሎ ጭንቅላቱን ከወለሉ ጋር ያላትመው ጀመር። ለአለምሰገድ የበራው ሻማ ወደቀ፣ ብርጭቆ ተሰበረ፣ የእንዳልክ አፍንጫ ፈነዳ። ዋልተርስ ከኋላ አንቆ ቢጎትተው አልነቃነቅ አለው። ዘርፈሽዋል በሚያማት ጉልበቷ ተንበርክካ አፏን ጆሮው ላይ አደረገች።

«ከገደልከው የምትታሰረው አንተ ነህ» አለችው። «ልጅህ ኤርፖርት ደርሳ የሚቀበላት ማን ነው?»

ጣቶቹ አንድ በአንድ ላሉ።

እንዳልክን ደሙ ደረቱ ላይ እየፈሰሰ በካቴና ወሰዱት። ዋልተርስ ስለሺን ከላይ እስከ ታች አየውና ጨርሰናል፣ መሄድ ትችላለህ አለው። ዘርፈሽዋል ተረጎመችለት። ስለሺ አልሄደም። ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ የጠላው ሰው ስለ እህቱ እውነቱን ሊነግረው ሦስት ጊዜ ደውሎለት ነበር፤ አንዱን አንሥቶት ቢሆን አለምሰገድ ዛሬ በሕይወት ነበር። ይህን ማንም አላለውም። ራሱ ደርሶበታል፤ ከፊቱ ላይ ይነበባል።

ሮማን ፊት ሄዶ በሁለት ጉልበቱ ወደቀ።

«በቀብር ላይ ሰደብኩት» አለ። «ከበሬ መለስኩት። ስልኩን አላነሣሁለትም።»

ሮማን ቁልቁል አየችው። ልታባርረው ትችል ነበር፤ ዘርፈሽዋልም የጠበቀችው ይህን ነው።

«እኔም ክንዷን አይቼ ዝም ብያለሁ» አለች። «አንተም እኔም እኩል ነን። ቀብሩ ሐሙስ ነው። ሳጥኑን ከፊት ሆነህ የምትሸከመው አንተ ነህ።»

ስለሺ ግንባሩን ወለሉ ላይ ደፋ። ለቀስተኞቹ ከምድር ቤት ሲመለሱ ያገኙት እዚያው ተደፍቶ ሲያለቅስ ነበር።